ደም እያዞረኝ ሚድዋይፍ መሆን እችላለሁ?

ጠያቂ፦ ሚድዋይፈሪ ልመርጥ ነው። እህቴ ስትወልድ አጠገቧ ነበርኩ። አዋላጇ እጇን ይዛ «አይዞሽ፣ በርቺ» ስትላት ልቤ ሸፈተ። ችግሩ ደም ሳይ ያዞረኛል። ይሆንልኛል ትላላችሁ?

መልስ፦ ደሙ ይለመዳል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ግድግዳ ተደግፌ ነው የቆምኩት። አሁን 9 ዓመቴ። እስካሁን ያልለመድኩት ዝምታውን ነው፤ ሕፃኑ ወጥቶ እስኪያለቅስ ድረስ ያለችውን። ጀርባውን በደረቅ ፎጣ እያሸሁ በሆዴ እቆጥራለሁ። ሲጮህ እኔም እተነፍሳለሁ። ግን ማልቀሻ ጊዜ የለም፤ ለእናትየው ኦክሲቶሲን የሚባለው መድኃኒት 10 ዩኒት ከወለደች በ1 ደቂቃ ውስጥ መወጋት አለበት፣ ብዙ ደም እንዳይፈሳት። (እንባው ቤት ይደርሳል።)

ሌላ መልስ፦ የሌሊት ተረኝነቱንም አስቢበት። ወገብ ይጨርሳል።

ጠያቂ፦ ወገቤ እንኳን ደህና ነው! ፎርሙን ነገ እሞላለሁ።