የሐዋሳና የዝዋይ ቆሮሶ፦ ለጂኖም ጥናት ናሙና እንዴት ይወሰድ?

የሐዋሳው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ የሐዋሳና የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶዎች (ቲላፒያ ዓሣዎች) በዘረመል ምን ያህል እንደተራራቁ ማየት ነው። ሙሉ ጂኖማቸውን በዝቅተኛ ከቨሬጅ (እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲነበብ) ላስነብብ አስቤአለሁ። ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ስንት ዓሣ ልውሰድ? ፍሪዘር እስኪገኝ ናሙናውን በምን ላቆየው? ቢልጫ የተባለውን ሌላ ዓሣም በዚያው ብጨምር ምን ይመስላችኋል?

ፒፔት፦
ከየሐይቁ 20 እስከ 25 አዋቂ ዓሣ ይበቃሃል። ሁሉንም ግን ከአንድ ጀልባ አትውሰድ፤ አሞራ ገደልም ጥቁር ውሃ በኩልም የሚያወጡትን አጥማጆች አነጋግር። ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ ዲኤንኤው ስለሚቆራረጥ ጀልባው እንደደረሰ ከክንፉ ጫፍ ግማሽ ሴንቲሜትር ቁረጥ። ኤታኖሉ 96% ይሁን፣ መጠኑም የቁራጩን 10 እጥፍ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70% አይሆንም። ከቁራጩ የሚወጣው ውሃ ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ለውጠው። መለያውን በእርሳስ ጽፈህ ቱቦው ውስጥ ክተት፤ የማርከር ጽሑፍ በኤታኖል ይለቃል።

ዲኤንኤ ስታወጣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ቁራጩ ላይ ኤታኖል ከቀረ ሥጋውን የሚያሟሟው ኢንዛይም ፕሮቲኔዝ ኬ በደንብ አይሠራም። አድርቀህ ከኢንዛይሙ ጋር 56 ዲግሪ ላይ አሳድረው። የዲኤንኤውን መጠን በኪዩቢት (ዲኤንኤን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) ለካ፤ ናኖድሮፕ የተባለው መለኪያ አርኤንኤውንም አብሮ ይቆጥርብሃል።

ጂኖም ወዳጅ፦
የቆሮሶ ጂኖም 1 ቢሊዮን ቤዝ ገደማ ስለሆነ በ3 እጥፍ ከቨሬጅ ለአንድ ዓሣ 3 ጊጋቤዝ ያስፈልግሃል። በዚህ መጠን ጂኖታይፑን (ዓሣው በየቦታው የያዘውን የዘረመል ጥንድ) ቆርጠህ አትወስን፤ አንግስድ (ANGSD) በተባለው ፕሮግራም የጂኖታይፕ ዕድሎችን ይዘህ ሥራ። የሁለቱን ሐይቆች ናሙና በአንድ ፕሌት (ብዙ ናሙና አብሮ በሚዘጋጅበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ላይ አሰባጥረህ ደርድር። ሐዋሳን ለብቻ ዝዋይን ለብቻ ካዘጋጀህ የላይብረሪውን (ለንባብ የተዘጋጀውን ዲኤንኤ) ልዩነት የሐይቅ ልዩነት አድርገህ ታነበዋለህ።

ጾታቸውንም መዝግብ። የቆሮሶ የጾታ መወሰኛ እንደ ዓሣው ዘር ክሮሞሶም 1 ወይም 23 ላይ ነው፤ ከአንዱ ሐይቅ ወንድ ከበዛ እዚያ የሐሰት ልዩነት ይወጣል። ከሌላ ቦታ የመጣ ጫጩት ሐይቁ ውስጥ ተለቆ እንደሆነም አስቀድመህ ጠይቅ፤ የውጤትህን ትርጉም ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል።

ቢልጫን ለሌላ ጥናት አቆየው። ስድስት ስብስብ ክሮሞሶም አለው፣ ቁጥሩ ወደ 150 ይደርሳል፤ የቆሮሶ 44 ብቻ ነው። ለዲፕሎይድ (ሁለት ስብስብ ክሮሞሶም ላለው) በተሠራ ፕሮግራም ብታስኬደው ተመሳሳይ ጂኖች እርስ በርስ እየተደራረቡ የሌለ ሄትሮዚጎት (ሁለት የተለያየ የጂን ቅጂ) ያሳዩሃል።

ሰነድ አዋቂ፦
ንባቡ ውጭ አገር የሚሠራ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። የወጣ ዲኤንኤ ብቻ ብትልክም ያው ነው። ማመልከቻውን ናሙና ከመሰብሰብህ በፊት አስገባ።