«ፀረ ጽዮን»፣ «ሰፋሪ»፣ «አክራሪ»፦ ስለ ማክሲም ሮዲንሶን ሲጻፍ የሚያደናቅፉ ቃላት

ፊደል ቆጣሪ፦
የማክሲም ሮዲንሶንን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ የሚያቀርብ ረቂቅ እየታረመ ነው። ሰውየው ፈረንሳዊ የታሪክና የሶሲዮሎጂ ምሁር ናቸው፤ በ1915 ፓሪስ ተወለዱ፣ በ2004 ዐረፉ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ረቂቁ «ፀረ ጽዮንና ፀረ አክራሪ የነበሩ ታሪክ ጸሐፊ» ብሎ ይጀምራል። ያስኬዳል ትላላችሁ?

ዋሸራ፦
«ፀረ ጽዮን» ይውጣ። ለአማርኛ አንባቢ ጽዮን አክሱም ናት፣ የኅዳር 21 ንግሥ ናት፣ እመቤታችን ናት። «ፀረ ማርያም» የሚለውን ክስ የለመደ ጆሮ ሰውየውን ከታቦት የተጣሉ ያደርጋቸዋል። «ጽዮናዊነት» ይሻላል፤ «ጽዮኒዝም» ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ትርጉም ፈጽሞ ስለሚለይ እኔ እሱን እመርጣለሁ። መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ አብሮ ይፈታ፦ «ለአይሁድ በፍልስጥኤም ምድር አገር ለማቆም የተነሣ፣ በ1897 በባዝል ጉባኤ የተደራጀ የፖለቲካ እንቅስቃሴ»።

ሰዋስው፦
እኔን ከ«ጽዮን» ይልቅ «ፀረ» ያሳስበኛል። «ፀረ» የሚቃወመው ነገር እንዲጠፋ የሚሻ ሰው ቃል ነው፤ የሮዲንሶን ሥራ ግን ትችት ነው። በ1967 የፈረንሳዊው ፈላስፋ የሳርትር መጽሔት ለአረብና እስራኤል ግጭት ባወጣው ልዩ እትም ረጅም ጽሑፍ አሳተሙ። ርእሱ «እስራኤል፣ የቅኝ አገዛዝ ውጤት?» የሚል ነው፤ የጥያቄ ምልክቷ እንዳትጠፋ። መልሳቸው «አዎ» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የክርክሩ ሌላው ግማሽ ግን እስራኤላውያን ዛሬ መብት ያለው ሕዝብ ሆነዋል፣ እንደ አልጄሪያ ፈረንሳውያን ተሳፍረው የሚመለሱበት እናት አገር የላቸውም፣ የአልጄሪያን ምሳሌ መከተል (ፈረንሳውያኑን በጦርነት እንዳስወጡት) ለአረቦችም አይበጅም የሚል ነው። ስለዚህ «ጽዮናዊነትን የሚተቹ» በቂ ነው።

ረቂቁ ሌላ ቦታ «ፀረ ሴማዊ» (አይሁድን የሚጠላ) ከሚል ክስ ጋር ካያያዛቸው ደግሞ ይህ አብሮ ይጻፍ፦ ወላጆቻቸው ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁድ፣ በልብስ ሥራ የሚተዳደሩ ኮሙኒስቶች ነበሩ፤ በ1943 ወደ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ አውሽቪትስ ተወስደው አለቁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እናመሰግናለን። ረቂቁ እስራኤላውያንን አንድ ቦታ «ሰፋሪ»፣ ሌላ ቦታ «መጤ» ይላል። አንዱ ይበቃል?

ሰዋስው፦
«መጤ» ፈጽሞ አይሆንም። እኛ ጋ ሰው ከቀዬው ሊባረር ሲል የሚጠራበት ስም ነው፤ ሮዲንሶን የተቃወሙትን መደምደሚያ በቃሉ ውስጥ አስቀድሞ ያስገባል። «ሰፋሪ»ም ብቻውን አያደርስም። አማርኛው የሚያስታውሰው በደርግ ዘመን ከወሎና ከትግራይ ወደ ምዕራብ በመንግሥት ትእዛዝ የተወሰደውን ችግረኛ ገበሬ ነው። ጸሐፊው የሚሉት በኃያል መንግሥት ጥላ ሥር መጥቶ የአገሬውን ሰው መሬትና ሥልጣን ስለሚይዝ ነው። «በቅኝ አገዛዝ ጥላ የሰፈረ» ይርዘም እንጂ አያሳስትም።

ዋሸራ፦
ወደ «አክራሪ» እንምጣ፤ ዋናው ጣጣ እሱ ነው። ግሡ «ከረረ» ነው፤ ክር ሲጠመዘዝ ይከራል፣ ነገርም ይከራል። ስለዚህ «አክራሪ» ሥርዓቱን የሚያጠብቅ፣ የማያላላ ሰው ነው። «ጽንፈኛ» ከ«ጽንፍ»፣ ከዳርቻ የመጣ ነው፤ ሰውየው የቆመበትን ቦታ ይናገራል እንጂ ስለ ሃይማኖት ምንም አይልም። «መሠረታዊነት» የእንግሊዝኛው «ፈንዳሜንታሊዝም» ጥሬ ግልባጭ ነው፤ አማርኛ ላይ «መሠረታዊ» ሲባል በጎ ነገር፣ የመጀመሪያ ፍላጎት ነው፤ ማንም አንባቢ አይፈራውም።

ሮዲንሶን የጻፉት ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይኛው ቃል «ኢንተግሪዝም» ሲሆን «ሙሉ፣ ያልተቆረሰ» ከሚለው ይወጣል፤ የተወለደውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካቶሊኮች ስለ ዘመናዊነት ሲጣሉ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከ1910 እስከ 1915 ከታተሙት የአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች በራሪ መጻሕፍት የወጣ ነው። ሁለቱም ከክርስቲያን ጠብ ተነሥተው ነው እስልምና ላይ የተለጠፉት። ሮዲንሶን በታኅሣሥ 1978፣ የኢራን አብዮት ሲፋፋም፣ «ለ ሞንድ» በተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ በጻፏቸው ተከታታይ መጣጥፎች የሰጡት ፍቺ በአማርኛ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ የማኅበረሰብንና የፖለቲካን ችግር ሁሉ በሃይማኖት እፈታለሁ፣ ቀኖናውንና ሥርዓቱንም በምልዓት እመልሳለሁ ማለት። ቦምብ የለበትም። «አክራሪ» ግን በመግለጫ ብዛት የፖሊስ ቃል ሆኗል። «የሃይማኖት አክራሪነት» ይባልና ይኸው ፍቺ ወዲያው ይከተለው።

ፊደል ቆጣሪ፦
የሥራ ዘመናቸውስ? «በፓሪስ ተግባራዊ ትምህርት ቤት የጥናት ዳይሬክተርና የጥንታዊ ኢትዮጵያኛ አስተማሪ» ይላል።

ሰዋስው፦
እዚህ ሦስት ስሕተት ተደርድሯል። «ትምህርት ቤት» የተባለው የከፍተኛ ምርምር ተቋም ነው። «የጥናት ዳይሬክተር» ቢሮ የሚመራ ኃላፊ ሳይሆን የማስተማር ማዕረግ ነው፣ «ፕሮፌሰር» በሉት። «ጥንታዊ ኢትዮጵያኛ» ደግሞ የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች ግዕዝን የሚጠሩበት ስም ነው! እኒህ ሰው በ1955 እዚያ ተቋም ገብተው ግዕዝና የጥንት ደቡብ አረቢያ ቋንቋዎች ያስተማሩ ናቸው፤ በ1967ም፣ የእስራኤሉ ጽሑፍ በወጣበት ዓመት፣ ስለ ጎንደር አስማት፣ ሕክምናና የዛር ልክፍት መጽሐፍ አሳትመዋል። ለአማርኛ አንባቢ የተጻፈ ታሪክ ይህን ካልነገረ ምኑን ነገረ?

ዋሸራ፦
ቅደም ተከተሉም ይስተካከል። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ተላላኪ ሆነው ሠሩ፤ በ1932 የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት በመግቢያ ፈተና ገቡ፤ በ1937 የፈረንሳይ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆኑ፣ በ1958 ተለያዩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሶርያና ሊባኖስ ነበሩ፤ ሲመለሱ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። በ1961 የነቢዩ ሙሐመድን የሕይወት ታሪክ፣ በ1966 እስልምናና ካፒታሊዝም የተሰኘውን አወጡ። የመጀመሪያው በ1998 በካይሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከመማሪያነት ተነሥቷል፤ ረቂቁ «ታገደ» የሚለውን «ከትምህርቱ ተነሣ» ይበለው።