ቻይና በአንድ ፓርቲ እየተመራች ሱፐር ፓወር መሆን ትችላለች?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጓደኞቼ ጋ ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ነገር ነው። ቻይና በ2010 (በፈረንጅ ነው የማወራው) ጃፓንን በልጣ ሁለተኛዋ ኢኮኖሚ ሆነች፣ ግን ምርጫ የለ ነፃ ፕሬስ የለ፣ መሪዋ ሺ ጂንፒንግም በ2018 የስልጣን ዘመን ገደቡን አስነስቶ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ሆና አሜሪካን ትተካለች ወይስ እንደ ሶቭየት አንድ ቀን ትፈርሳለች?

መልስ 1፦ እኔ እንደውም ሆናለች ባይ ነኝ። ሶቭየትን ተወው፣ እሷ ሚሳይል እንጂ ዓለም የሚገዛው እቃ አልነበራትም። አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ ህብረት ህንፃ በ2012 በስጦታ ያስረከበችው ማናት? የጅቡቲው ባቡር በማን ብድር ተሰራ? በ2017 ደግሞ እዛው ጅቡቲ ወታደራዊ ቤዝ ከፈተች፣ ሌላ ምን ቀራት

መልስ 2፦ ወንድሜ ህንፃውማ ይሰራል፣ ዋናው ችግር አለቃው ሲሳሳት ተው የሚለው አለመኖሩ ነው። የአንድ ልጅ ፖሊሲውን እየው፣ ወሊድ ከቀነሰ ስንት ዓመቱ እስከ 2015 ድረስ ሙጭጭ አሉበት፣ ይኸው ከ2022 ጀምሮ ህዝቡ እየቀነሰ ነው፣ አሁን ሶስት ውለዱ ቢሉም የሚሰማቸው የለም። ዜሮ ኮቪድም (ኮቪድን ጨርሶ እናጥፋ ያሉበት ፖሊሲ) ያው ነው፣ ሰዉን ቤቱ ቆልፈውበት ከርመው ኡሩምቺ የምትባል ከተማቸው ላይ አፓርታማ ተቃጥሎ ሰው ካለቀ በኋላ ወጣቱ ምንም ያልተፃፈበት ነጭ ወረቀት ይዞ አደባባይ ወጣ፣ ከዛ በኋላ ነው በሳምንታት ውስጥ እገዳውን ያላሉት። ያ ሁሉ ሰው እስኪያልቅ ለምን ተጠበቀ?

መልስ 3፦ በመልስ 2 እስማማለሁ፣ ብሩንም ጨምሩበት። አንድ ቻይናዊ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ መንዝሮ ማውጣት አይፈቀድለትም፣ የገዛ ዜጋህ ይዞት እንዳይወጣ የምትቆልፈውን ገንዘብ ዓለም እንዴት ብሎ በዶላር ቦታ ያስቀምጠዋል?

መልስ 1፦ እሺ፣ ዲሞክራሲ አለኝ የምትለዋ አሜሪካስ በ2003 ኢራቅ ስትገባ ማን አስቆማት?

መልስ 2፦ ማንም፣ እሱ ልክ ነህ፣ ለኢራቅ ህዝብም አልደረሰለትም። ግን በ2008 ጦርነቱን ከመጀመሪያው የተቃወመው ኦባማ ተመረጠ። ቤጂንግ ላይ ዜሮ ኮቪድን የተቃወመ ሰው የት ነው የሚወዳደረው?