ከባድ ፊልምና ነውር ደፋር ልብ ወለድ፦ ከየቱ እንጀምር?

የማታ አንባቢ
ሰላም ለቤቱ። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ በየወሩ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ፊልም እየመረጥን ልንከራከር አስበናል። የተያዙት ከልብ ወለድ «አደፍርስ» እና «ሌቱም አይነጋልኝ»፣ ከፊልም የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» ናቸው። አንዱ ጓደኛችን የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የፓዞሊኒ ፊልም «ሳሎ» ካልተጨመረ ብሎ ድርቅ ብሏል። ሰው ገና በሁለተኛው ወር እንዳይበተን ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን?

ብራና
መጀመሪያ ለዩዋቸው። አንዳንዱ አጻጻፉ ያደክማል፣ አንዳንዱ የያዘው ነገር ያሳፍራል፤ ዝግጅታቸው አንድ አይደለም።

«ሌቱም አይነጋልኝ» ሲነበብ ቀላል ነው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አማርኛ የውቤ በረሃ (የድሮው የአዲስ አበባ የምሽት ሰፈር) ወሬ ነውና ይፈሳል። ችግሩ ውይይቱ ላይ ይመጣል፦ ሁሉም ስለ ወሲቡ ይሟገትና ስለ ሰዎቹ አንድም ቃል ሳይነሳ ይመሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው አልጋ የሌለበት አንድ ገጽ መርጦ ይምጣ፤ ጮክ ብሎ አንብቦ ለምን እንደመረጠው ይናገር። ወሲቡ ራሱ በራሱ ጊዜ መነሳቱ አይቀርም።

«አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ግን ብዙ ሰው የሚጥለው እሱን ነው። ዳኛቸው ወርቁ ከመተረክ ይልቅ ሰዎቹን ማናገር ይወዳል። የተማሪው ሙግት፣ የወይዘሮ አሰጋሽ አነጋገር፣ የገጠሩ ተረትና ምሳሌ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ዝም ብሎ በዓይን የሚያነብ ሰው ማን እየተናገረ እንደሆነ ቶሎ ይጠፋበታል። ድርሻ ተከፋፍላችሁ አንብቡት፤ በአንድ ቁጭታ ከ30 ገጽ አትለፉ። ያልገባ ቃል ሲያጋጥም አስምሩበትና እለፉ፤ በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ አይጨርሰውም። ሁለት ወር ስጡት።

ጥቁርና ነጭ
በፊልሞቹ በኩል «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይቅደም። አማርኛ ስለሆነ የትርጉም ጽሑፍ አያሯሩጣችሁም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያኑ የቦሎኛ ሲኒማቴክ (የፊልም ቤተ መዛግብት) የታደሰውን ቅጂ ፈልጉ፤ የደበዘዘ ቅጂ ላይ ጥቁርና ነጩ ይቀላቀልና ሩቅ የሚሄደው ገበሬ ከመሬቱ አይለይም። ድምፁም ዋጋ አለው፤ በስልክ ማጉያ አትዩት። ከባለርስቱ ጋር የሚላተመውን፣ ከበበ የሚባለውን ሰው «እብድ» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ የፊልሙ ክርክር ያለው እሱ አፍ ውስጥ ነው።

«ዣን ዲልማን» (እ.ኤ.አ. 1975) 201 ደቂቃ ነው፤ የአንዲት የብራስልስ መበለት ሦስት ቀን። የመጀመሪያው ቀን ላይ ስልኩን የሚነካ ሰው ፊልሙን አላየውም። የዕለት ሥርዓቷን በደንብ ካላጠናችሁ በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከልክ በላይ ሲበስልባት፣ ገንዘብ የምታስቀምጥበትን የሾርባ ሳህን ሳትከድን ስትሄድ ምንም አይመስላችሁም። ታሪኩ እኮ እሱ ነው! ዕረፍት ካስፈለገ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ፣ መሀል ላይ ማቋረጥ የለም። የመጨረሻውን ማንም አስቀድሞ አይንገር።

ዝምተኛው
«ሳሎ»ን ተዉት ባይ ነኝ። ማሰቃየት ተደራርቦ ተደራርቦ በመጨረሻ ሰው ይደነዝዛል፣ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ብራና
መደንዘዙማ የታሰበበት ነው። ወጣቶቹን የሚያሰቃዩት የፋሺስት ጌቶች መጨረሻ ላይ ግድያውን በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ሲያዩ ካሜራው በዚያው መነጽር ያሳየናል፤ ተመልካቹም ከእነሱ ጋር ወንበር ተሰጥቶታል ማለት ነው። የፋሺስት ሥልጣን ሰውን ዕቃ ሲያደርግ ከዚህ በላይ ያሳየ ፊልም ይኑር አይኑር እንጃ። ግን ዝምተኛው በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ለጀማሪ ቡድን አይሆንም። ከጨመራችሁት መጨረሻ ይሁን፤ ምን እንደሚታይ (መደፈር፣ ሰገራ ማስበላት፣ ግድያ) በፊት በግልጽ ይነገር፤ «አልችልም» ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅ። ምግብ ደግሞ ከፊልሙ በፊት ይበላ።

የማታ አንባቢ
ገባኝ፣ ተባረኩ። እንግዲህ «ምርት»፣ «ሌቱም»፣ «ዣን ዲልማን»፣ ከዚያ «አደፍርስ» ሁለት ወር። ስለ «ሳሎ» በድምፅ እንወስናለን፤ አንድ ተቃውሞ ካለ ይቀራል።