ዲሹ «ሲግናል የለም» ይላል፤ ድራማው ሊጀምር ነው!

የግሽ አባይዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ድረሱልኝ! ቲቪው «ሲግናል የለም» ብሎ ቀረ። ሰኞ እንዴት እንደሚውል ታውቃላችሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ባለጉዳይ ሳስተናግድ ውዬ ገና ጫማዬን ማውለቄ ነው። ቡናው ፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ እናቴ ጋቢዋን ደርባ ተመቻችታ ተቀምጣለች። ድራማው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሪሲቨሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ወይ ፍንክች። ቶሎ በሉ።

ባለባጃጁ፦ ሪሲቨሩን አጥፍተሽ አብሪው።

የግሽ አባይዋ፦ አጥፍቼ አበራሁት አልኩ እኮ!

ጋሽ ቴክኒክ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ጎደሎ ነው። ሳተላይትሽ ኢትዮሳት ነው ናይልሳት? ኢትዮሳት የምንለው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ከባሕር ዳር ሲታይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፣ ከፍታውም ብዙ ስለሆነ ዲሹ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ነው፤ ለእሱ ዲሹ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ጎንበስ ይላል። ሁለቱም ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው ያሉት። ከዚያ ድረስ የሚመጣን ሞገድ ለመያዝ...

ቆሮሶ ጥብስ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ 36 ሺውን ኪሎ ሜትር ነገ እንሄድበታለን። ልጅቷ ድራማ ሊያልፋት ነው።

ጣና ዳር፦ እኔ የማይገባኝ፣ ከሥራ ወጥቶ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ምኑ ነው እረፍት? ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ወደ ሐይቁ ዳር ውጪ። እዚያ ዘንባባው ሥር ትንሽ ወክ አድርጊ። ነፋሱ ብቻ ድካምሽን ይወስደዋል። ከተማችን ለዚህ ነው የምትወደደው።

የግሽ አባይዋ፦ ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት። እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። የሐይቁ ዳር ቢምቢስ አንተን አይነካህም?

የሸምብጥ ልጅ፦ እህቴ፣ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ ኢንስታሌሽን የሚለውን ክፈቺ። ሁለት መስመር ታያለሽ፣ የሲግናሉ ጥንካሬና ጥራት። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ገመዱ፣ ስዊቹ (የዲሽ ገመዶችን የሚያቀያይረው) ወይም ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ያለችው ሲግናል ተቀባይ) ነው። ጥንካሬው ኖሮ ጥራቱ ዜሮ ከሆነ ግን ዲሹ ዞሮ ይሆናል። ስንት ስንት ይላል?

የግሽ አባይዋ፦ ሁለቱም ዜሮ። የጎረቤት ይሠራል፣ ሲስቁ ይሰማኛል። 11 ሰዓት ላይ ዘንቦ ነበር፣ መብራትም ሄዶ መጣ።

ቆሮሶ ጥብስ፦ ዝናቡንና መብራቱን አሁን ነው የምትነግሪን? አንቺ ሐኪም ጋ ሄደሽም እንዲህ ነሽ ማለት ነው።

ባለባጃጁ፦ ሶኬቱን ንቀዪና ትንሽ ቆይተሽ መልሺው። የኔ እንደዚያ ነው የተነሳው።

የሸምብጥ ልጅ፦ ከባድ ዝናብ ሲግናል ያጠፋል፣ ግን ሲያባራ ራሱ ይመለሳል። የጎረቤት ከሠራ ነገሩ ያንቺው ቤት ነው። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀዪ። ከዚያ ከኋላው የገባውን የዲሽ ገመድ ፍቺና ጫፉን እዪው። መሃሉ ላይ ያለው ሽቦ ጠቁሮ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ካሉት ቀጫጭን ክሮች አንዷ መሃሉን ከነካችም ሾርት ነው። እንደዚያ ከሆነ ጫፉን ቁረጪና እንደ አዲስ ልጠሽ እሰሪው። ጣሪያው ላይ ስዊች ካለ ውሃ ገብቶት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ግን ለነገ ተይው። በጨለማ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ እንዳትወጪ!

ጋሽ ቴክኒክ፦ ልክ ነው። ኤልኤንቢው መብራት የሚያገኘው በዚያው ገመድ ነው፣ 13 ወይም 18 ቮልት። ሾርት ካለ ምንም አይደርሰውም። ይህንኑ ልል ስል ነው ያቋረጣችሁኝ።

እትዬ ዘጌ፦ የኔ ልጅ፣ ጎረቤት ሲስቅ እየሰማሽ ምን ያስቀምጥሻል? ጀበናውንና ፈንዲሻውን ይዛችሁ ግቡ እንጂ። ቡና ይዞ የመጣን ማን ይመልሳል?

የግሽ አባይዋ፦ እትዬ፣ በአጥር ነገር ተኳርፈናል።

እትዬ ዘጌ፦ እንግዲያው ዛሬ ታረቁ። ቶናው ሳይቀዘቅዝ።

ቆሮሶ ጥብስ፦ ሽምግልናው በማስታወቂያ ሰዓት ይሁን።

የግሽ አባይዋ፦ ቆይ፣ ገመዱን ልፍታው። መጣሁ።

የሸምብጥ ልጅ፦ እ? ምን ሆነ?

የሸምብጥ ልጅ፦ ደህና አደርሽ? ሠራ ወይስ ታረቃችሁ?

ባለባጃጁ፦ አጥፍታ አብርታው ነው የሚሆነው።

አዲስ ገቢ፦ ጥያቄውን ልጥለፈውና፣ የኔ ደግሞ ከትናንቱ ነፋስ ወዲህ ጥንካሬ አለው፣ ጥራቱ ዜሮ ነው። ምን ይሻላል?

የሸምብጥ ልጅ፦ ነፋሱ ዲሹን ሳያዞረው አልቀረም። በቀን፣ ቆርቆሮው ሲደርቅ ውጣ። አንድ ሰው ቲቪው ፊት ተቀምጦ የጥራቱን ቁጥር በስልክ ይንገርህ። ዲሹን በጣም ቀስ እያልክ አዙረው፣ በየመሃሉም ቆም በል፤ ሪሲቨሩ ቁጥሩን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። ከፍ ያለው ቁጥር ላይ ስትደርስ ብሎኑን አጥብቀው።