እናቴ አጥንቷ ሳስቷል ተባለች፤ ስግደቱን ትተው?

የሽሮ ሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው ከወጣ በኋላ የአጥንት ጥግግት ተለካላት፤ የወገቧ ቲ ስኮር (አጥንቷ ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ሲነጻጸር የሚወጣው ቁጥር) -2.8 ሆነ። ሐኪሙ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የሚባል የአጥንት መሳሳት ኪኒን አዘዘና «ፊዚዮቴራፒ ይጀምሩ» አላት። ጎረቤት ደግሞ «እትዬ፣ አርፈው ይቀመጡ፣ ይሰበራሉ» ይሏታል። የምትሰማው ጎረቤትን ነው! ሁዳዴም እየደረሰ ነው፤ ከሁሉ የከነከናት ስግደቱ ነው። ምን ልበላት?

ፊዚዮ ከጎንደር፦
ጎረቤቶቿን ተዪያቸው። አጥንት ሥራ ሲፈታ ይብሱን ይሳሳል። ቲ ስኮሯ የአጥንት መሳሳት ከሚባልበት ከ-2.5 በታች ስለሆነ ግን እንዴት እንደምትንቀሳቀስ መመረጥ አለበት።

የአከርካሪ አጥንት ለመሰበር የግድ መውደቅ አያስፈልገውም። ጀርባን አጉብጦ ጀሪካን ማንሳት ይበቃል። ስለዚህ ግንባር መሬት የሚነካው ስግደት ለጊዜው ይቅርባት። የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ለታመመ ሰው ይቀልለታል። ጎንበስ ማለት ካለባት ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ከዳሌዋ ትጠፍ። ያቺን አጭር መጥረጊያም እጀታ ባለው ቀይሩላት። ለእኔ ከስግደቱ ይልቅ የምታስፈራኝ መጥረጊያዋ ናት፤ በየቀኑ ነዋ!

ቀሚሷን እዪልኝ። ከፊት መሬት እየጠረገ ከኋላ ከፍ ካለ ጀርባዋ ጎብጧል ማለት ነው፤ ራጅ ትነሳ። እስከዚያው ከወንበር እጇን ሳትደገፍ መነሳትና መቀመጥ ትለማመድ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዛም ተረከዟን ታንሳ፣ ቀጥሎ በአንድ እግሯ ትቁም። አንቺ አጠገቧ ሁኚ። የቀረውን ባለሙያው አይቷት ይጨምርላታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ስለ ኪኒኑ ልጨምር። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ነው የሚዋጠው። ከዚያ 30 ደቂቃ መተኛት የለም፣ ምግብ የለም፣ ቡናም ቢሆን የለም። አክስቴ ውጣው ተመልሳ ትተኛ ነበር፤ ጉሮሮዋን አቃጥሏት ልትተወው ደርሳ ነበር። በጾሙ ወተት ስለሚቀር ሰሊጥና ጎመን አይለያት። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋት እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቂው።

የሽሮ ሜዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ነው የምትሄደው። እሱ አይበቃም?

ፊዚዮ ከጎንደር፦
ጥሩ ነው፣ አታስቀሪያት። ብቻውን ግን አይበቃም። ሲያዳልጣት የሚያተርፋት የጭኗ ጉልበትና ሚዛኗ ነው፤ ወንበሩን የሰጠኋት ለዚያ ነው። ደጃፉንም አስተካክሉት እንጂ!