በርን የተደረገ የሰርግ ዲቪዲ፦ ኮምፒውተር ላይ ድምፅ አለ፣ ዴክ ላይ የለም

ሂርማታ_ቪዲዮ፦

ሰላም ወገን። ጅማ ውስጥ ሰርግ የምትሠሩ ልጆች ብትረዱኝ። የ2 ሰዓት ሰርግ ፕሪሚየር ላይ ኤዲት ተደርጎ ለዘመድ አዝማድ በዲቪዲ ተሰጠ። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ሲከፈት አንዱም ኮፒ እንከን የለውም። ዴክ ላይ ሲገባ ግን ቅሬታው በየቤቱ ይለያያል።

አጂፕ ሰፈር ያለው ቤት ከላይ የተደረበው መንዙማ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ኒካሁ ላይ ሼኹ ሲናገሩ ግን አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። አጋሮ የሄደው ኮፒ ምስል አለው፣ ድምፅ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለውም። ሰካ ያለው ደግሞ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ሙሽራዋ ስትሸኝ አካባቢ መቆራረጥ ይጀምራል።

ዲስኮቹ ባለ 4.7 ጊጋ ዲቪዲ-አር ናቸው። ሲስተሙ ፓል (የእኛ አገር የቴሌቪዥን ሲስተም)፣ ድምፁ ፒሲኤም (ያልታመቀ) ስቴሪዮ 48 ኪሎኸርዝ 16 ቢት። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በርን የተደረገው በ16 ፍጥነት ነው። የአጋሮው ብቻ በሌላ ላፕቶፕ ተሠራ። ጥፋቱ የዴኮቹ ነው ወይስ የዲስኩ?

አዌቱ_ዳር፦

ወንድሜ፣ ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ በአንድ መፍትሔ አትሂድ። ቪኤልሲ ላይ መሰማቱንም እንደ ማስረጃ አትቁጠረው። ቪኤልሲ ዲኮደሩን (ፎርማቱን የሚፈታውን) ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ያገኘውን ያጫውታል፤ ዴክ የሚያውቀው ፋብሪካ የጫነለትን ብቻ ነው።

ከአጋሮው ጀምር። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ክፈትና ውስጡን እይ። ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ካለ፣ በውስጡም አይኤፍኦ፣ ቢዩፒ እና ቪኦቢ ፋይሎች ከተደረደሩ ትክክለኛ የዲቪዲ ቪዲዮ ነው። አንድ ፋይል ብቻውን ተቀምጦ ካገኘኸው ግን ላፕቶፑ ላይ የሠራው ሰው እንደ ዳታ ዲስክ ነው የበረነው። ዴኮች ብዙ ጊዜ ኤቪአይን ከኤምፒ3 ድምፅ ጋር ያነባሉ። ድምፁ ኤኤሲ ሲሆን፣ የአሁኖቹ ካሜራዎችና ስልኮች ኤምፒ4 ላይ የሚያስቀምጡት ማለት ነው፣ ምስሉን ማንበብ የቻለ ዴክ እንኳ ድምፁን ሊተወው ይችላል። ፋይሉን ሚዲያኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ጣለው፤ የድምፁን ፎርማት ቁልጭ አድርጎ ይነግርሃል።

ፎልደሩ በትክክል ካለ ደግሞ የድምፁን ሳምፕል ሬት (የናሙና ፍጥነት) እይ። 44.1 ኪሎኸርዝ የሲዲ ነው፤ ዲቪዲ ቪዲዮ ላይ 48 መሆን አለበት። አንዳንድ ፕሮግራም 44.1ን ሳይቀይር ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ዴኩ ጋ ሲደርስ ወይ ዝምታ ወይ ጩኸት ይሆናል። ይህም ካልሆነ ሪሞቱ ላይ "ኦዲዮ" የሚለውን ቁልፍ ደጋግመህ ተጫን፤ ባዶ ትራክ ተመርጦ ሊሆን ይችላል።

የአጂፑ የሴንተር ቻናል ይመስለኛል። በ5.1 (ባለ 6 ቻናል) ድምፅ ንግግሩ የሚቀመጠው ሴንተር ላይ ነው። ዴኩ ባለ 6 የድምፅ ጃክ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰካው ቀይና ነጭ ብቻ ከሆነ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሚክስ (ቻናሎቹን ወደ ሁለት የሚያጣምረው) ደግሞ "ኦፍ" ከሆነ፣ ሙዚቃው ይወጣል፣ ንግግሩ ይቀራል። ወደ "ስቴሪዮ" አዙረው።

ሁለት_ቻናል፦

የአጋሮው ላይ እስማማለሁ። የአጂፑ ግን ሴንተር ሊሆን አይችልም፤ ፒሲኤም ስቴሪዮ ነው ብሏል እኮ። ሁለት ቻናል ያለው ድምፅ ሴንተር ከየት ያመጣል?

መንዙማው እየተሰማ የሼኹ ድምፅ ብቻ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፌዝ (የግራና የቀኙ ድምፅ ሞገድ መገለባበጥ) ነው። ግምቴን ልናገር፦ የኒካሁን ድምፅ ከአዳራሹ ሚክሰር በገመድ ወደ ካሜራው ማይክ ቀዳዳ አስገብታችኋል፤ መንዙማው ግን ኤዲቲንግ ላይ ከፋይል የተጨመረ ነው። ልክ ነኝ?

የሚክሰሩ የባላንስድ (ባለ ሦስት ፒን) መውጫ አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል፤ በፒን 2 ቀጥታውን፣ በፒን 3 ግልባጩን። ይህ ለረጅም ገመድ ተብሎ የተሠራ ነው። ባላንስድ መግቢያ ያለው ዕቃ ሁለቱን አቀናንሶ ጩኸቱን ያጠፋና ድምፁን ያስቀራል። የካሜራው ትንሽ የማይክ ቀዳዳ ግን ባላንስድ ሳይሆን ስቴሪዮ ነው። ስለዚህ ፒን 2ን ግራ፣ ፒን 3ን ቀኝ አድርጎ ይቀዳዋል። የተቀዳው አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብ ድምፅ ነው። ሁለት ስፒከር ባለው ኮምፒውተር ይሰማል፤ ኧርፎን ላይ ግን ከፊት ሳይሆን ከራስ ኋላ የሚመጣ ይመስላል። ግራና ቀኙ አንድ ላይ የሚደመርበት ቦታ ሲደርስ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ባለ አንድ ስፒከር ቴሌቪዥን፣ ቀይና ነጩን በአንድ ጃክ አጣምሮ ወደ አንድ ስፒከር የሚወስድ ገመድ፣ ሁሉም ይደምሩታል። መንዙማው ግራና ቀኙ ስላልተገለበጠ ምንም አይሆንም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አጂፕ ደውልና ከዴኩ ጀርባ ቀዩን ጃክ ብቻ ይንቀሉ፤ ነጩ ይቅር። ሼኹ መናገር ከጀመሩ ፌዝ ነው። አንተም ቪኤልሲ ላይ ኦዲዮ ሜኑ ገብተህ ስቴሪዮ ሞድን "ሞኖ" አድርገው፤ ንግግሩ ድርግም ይላል።

ሂርማታ_ቪዲዮ፦

እናንተ ሰዎች! ሞኖ ሳደርገው ንግግሩ በአንዴ ጠፋ። አጂፕም ቀዩን ሲነቅሉት ተሰማ። አዎ፣ ከሚክሰሩ በገመድ ነው የተቀዳው። የአጋሮው ዲስክ ውስጥ ደግሞ አንድ ኤምፒ4 ብቻ ነው ያለው፤ ሚዲያኢንፎ ኤኤሲ ይላል። ንግግሩን እንደገና ሳንቀርጽ ማስተካከል ይቻላል? የሰካውስ?

ሁለት_ቻናል፦

ይቻላል፣ ምንም የጠፋ ነገር የለም። ፕሪሚየር ላይ ከሚክሰር የመጡትን ክሊፖች ብቻ ምረጥና የግራውን ድምፅ ወደ ቀኝ የሚሞላውን ኢፌክት ጣልባቸው። አውዳሲቲ የምትጠቀም ከሆነ ትራኩን ወደ ሁለት ሞኖ ክፈለው፣ አንዱን አጥፋ፣ የቀረውን ሞኖ አድርገህ አውጣ። አንዱን ቻናል በ"ኢንቨርት" መገልበጥም ይሠራል፤ እኔ ግን ማጥፋቱን እመርጣለሁ፤ ሁለቱ ቻናሎች በመጠን ካልተካከሉ ግልበጣው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ድምፅ ያስቀራል። መንዙማውን እንዳትነካው፣ እሱ እውነተኛ ስቴሪዮ ነው። ኤክስፖርት ከማድረግህ በፊት ሁልጊዜ አንዴ በሞኖ ስማው።

ለሚቀጥለው ሰርግ ገመዱን አሠራው፦ ፒን 2 ወደ ሚኒጃኩ ጫፍና ቀለበት በአንድ ላይ፣ ፒን 1 ወደ እጀታው፣ ፒን 3 ሳይገናኝ ይቀር። ብዙ ሚክሰሮች ላይ ይህ ይበቃል። ካሜራው "ላይን" የሚል ምርጫ ካለው እሱን አድርግ፤ የሚክሰር ላይን ድምፅ ለማይክ ቀዳዳ በጣም ስለሚበዛ ይጮህና ይሰነጠቃል። ምርጫው ከሌለው መሀል ላይ አቴኑዌተር (ድምፅ መቀነሻ) ይግባ።

ቀስ_ብሎ_በራኝ፦

ሰካው ላይ ልግባ። ድምፁ ሲቆራረጥ ምስሉም በካሬ በካሬ ይሰባበራል? ከሆነ የድምፅ ፎርማት ጣጣ አይደለም፤ ዴኩ ዲስኩን ማንበብ አቅቶታል። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሀል ወደ ዳር ነው። በ16 ስትበርን ያ ፍጥነት የሚደረሰው ዳሩ አካባቢ ነው፤ ዲስኩም በጥራቱ ደካማ የሚሆነው እዚያው ነው። የሰርጉ መጨረሻ ዳሩ ላይ ስላረፈ መጨረሻው ላይ ተቆራረጠ። ሌንሱ አቧራ የለበሰ ወይም ያረጀ ዴክ ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል።

እዚህ ላይ ፒሲኤሙ ዋና ጠላትህ ነው። ፒሲኤም ስቴሪዮ በሴኮንድ 1,536 ኪሎቢት ይበላል፤ በ2 ሰዓት 1.38 ጊጋባይት ገደማ ድምፅ ብቻ ማለት ነው። ኤሲ-3 (የታመቀ የዶልቢ ድምፅ) በ224 ኪሎቢት ብታደርገው 0.2 ጊጋባይት ይበቃዋል። ለሰርግ ንግግርና ዜማ ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም። ምስሉን ሳትነካ ከ1.1 ጊጋ በላይ ይተርፍሃል፤ ዲስኩ 3.5 ጊጋ አካባቢ ስለሚቆም ከዳሩ ትርቃለህ። የተረፈውን ለምስል ጥራት ልጨምር ብለህ እንዳትሞላው! ኤምፒ2 ድምፅም በፓል ዴኮች ይሠራል፤ ግን አሜሪካ ላለ ዘመድ የሚላክ ኮፒ ካለ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካ ሲስተም)፣ 720 በ480፣ ኤሲ-3 አድርገህ ለየብቻ ሥራው። እዚያ ያሉ ዴኮች ኤምፒ2ን የማንበብ ግዴታ የለባቸውም፤ ፓልንም ብዙዎቹ አይቀበሉም።

ፍጥነቱን ለ16 የተሠራ ዲስክ ላይ 8 አድርገው። 4 ላይ ማድረግ ሁልጊዜ ይሻላል የሚባለው የድሮ ዲስኮች ወሬ ነው፤ ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ ቀለም በጣም ሲዘገይበትም ጥሩ አይጻፍም። ኢምግበርን (የመበርኛ ፕሮግራም) ላይ "ቬሪፋይ" የሚለውን ምልክት አድርግበት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ስህተቱን ደንበኛው ሳይሆን አንተ ታገኘዋለህ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ዲቪዲ-አር ዳግም አይጻፍበትም። የሙሽሮቹን ፎቶ የያዘ ወረቀት ዲስኩ ላይ መለጠፍም ይቅር፤ ሚዛኑን ስለሚያዛባ ዴኩ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስም በዲስክ እስክርቢቶ ጻፍበት።

አዌቱ_ዳር፦

ሴንተር ያልኩት ለዚህኛው አይሠራም፣ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወደ ኤሲ-3 ስትቀይር "ዳያሎግ ኖርማላይዜሽን" የሚል ቁጥር ይጠይቅሃል። ከማይነስ 31 ሌላ ቁጥር ብትሞላበት ዴኩ በልዩነቱ ልክ ድምፁን ይቀንሳል፤ ማይነስ 27 ብትል በ4 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። "ድምፁ ትንሽ ነው" የሚል ስልክ እንዳይበዛብህ ማይነስ 31 ላይ ተወው።

ሂርማታ_ቪዲዮ፦

የተበተኑትን እስክቀይር ድረስ የአጂፑ ቤት ቀዩን ነቅለው ይመልከቱ? መንዙማው ግማሹ አይጠፋም?

ሁለት_ቻናል፦

ግራው ቻናል ይቀራል፣ ዜማው ይሰማል፤ የቀኙን መሣሪያ ብቻ ያጣሉ። ዴኩ ላይ "ኦዲዮ" ቁልፉ ግራ ብቻ የሚል ምርጫ ካለው ግን ገመድ መንቀል ሳያስፈልግ እሱን ይጫኑ።